የኬሚስትሪን ታሪክ ከግምጃ ቤት ማዳን፦ ለጎንደር ቤተ መጻሕፍትና መዝገብ ቤት ሠራተኞች ዝርዝር መመሪያ

ሰኔ 30 ደርሶ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲቃረብ በየተቋሙ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ሥራ ይበዛበታል። ኮሚቴው የአንድ ቤተ ሙከራ ግምጃ ቤት ከፍቶ ሲገባ የሚያየው እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ መሥራት ያቆመ ሚዛን፣ ጠርዙ የረገፈ የግድግዳ ሠንጠረዥና አቧራ የጠጣ የወረቀት ክምር ነው። ወንበሩና ሚዛኑ በጨረታ ይሸጣሉ፤ ወረቀቱ ይቃጠላል፣ ወይም ለሱቅ መጠቅለያ ይሄዳል። ጎንደር ውስጥ የኬሚስትሪ ታሪክ ካለ ግን አብዛኛው የሚገኘው በዚያ የወረቀት ክምር ውስጥ ነው።

መመሪያው የተዘጋጀው ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች፣ ለመዝገብ ቤት ሠራተኞች፣ ለቤተ ሙከራ ቴክኒሻኖችና ለኬሚስትሪ መምህራን ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ፤ በእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» ብዬ እለያለሁ።

ደረጃ 1፦ የምትፈልጉትን ለይታችሁ እወቁ

«የኬሚስትሪ ታሪክ» ሲባል ብዙ ሰው ፈረንሳዊውን ኬሚስት ላቮዋዚዬንና ሩሲያዊውን ሜንዴሌቭን ፍለጋ ይነሣል። የላቮዋዚዬ የ1789 መጽሐፍም ሆነ የሜንዴሌቭ የ1869 የኤለመንቶች ሠንጠረዥ ጠባቂ አላጡም፤ ፓሪስም፣ ሴንት ፒተርስበርግም፣ ፊላደልፊያ የሚገኘው የሳይንስ ታሪክ ኢንስቲትዩትም ይጠብቋቸዋል። በዓለም ላይ በሺህ ቅጂ ያለውን የመማሪያ መጽሐፍ ጎንደር ባታስቀምጠው ማንም አይጎዳም። ጎንደር ብቻ ያላት ወረቀት ከጠፋ ግን ምትክ የለውም። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ከዚህ ፍርድ የሚነሣ ነው።

ይህ ብቸኛ ወረቀት ከየት ይመጣል? የከተማዋን ዘመናት ብታስታውሱ ይገባችኋል። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 ከተማዋን ሲቆረቁሩ ግንቡን ያያያዘው ኖራ ነው፤ የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ፣ በውኃ ተበርዶ፣ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ተመልሶ ድንጋይ የሚሆንበት ሥራ ነው። በጣሊያን ዘመን እድሳቱ ላይ ሲሚንቶ ገባ፤ ፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስነት ከመመዝገቡ በፊት ጀምሮ በተካሄደው ጥገና ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆነ። የትኛው ግድግዳ በምን ድብልቅ እንደታደሰ የሚናገር የሥራ ማስታወሻ ከተገኘ የኬሚስትሪ ሰነድ ነው። በ1699 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ዐፄ ኢያሱን ለማከም ጎንደር ገብቷል፤ በአብያተ ክርስቲያናትና በሊቃውንት ቤት ያሉት የመድኃኒት መጻሕፍትም የዚያው ታሪክ አካል ናቸው።

አብዛኛው የወረቀት ሀብት ግን የሚጀምረው በ1954 ነው። በ1953 በደንቢያ ወባ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ጎንደር ላይ ተከፈተ፤ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ያዘ። የጉድጓድ ውኃ በክሎሪን ማከም፣ የዲዲቲ ርጭት መመጠን፣ ሽንት ውስጥ ስኳርና ፕሮቲን መፈተሽ የዕለት ተዕለት ኬሚስትሪ ሆነ። ኮሌጁ በ1961 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃለለ፤ በ1978 ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ትምህርት ተጀመረ፤ በ2004 ተቋሙ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እያንዳንዱ ዘመን የየራሱን ወረቀት ትቶ ያልፋል፦ በስቴንስል የተባዛ የተግባር ልምምድ መመሪያ፣ የሬጀንት (የመፈተሻ ኬሚካል) አዘገጃጀት ደብተር፣ የፈተና ወረቀት፣ በጀርመንኛ የተጻፈ የመሣሪያ መግለጫ፣ የኬሚካል ግዢ ደብዳቤ፣ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22።

ሞዴል 19ን አትናቁት። ንብረት ገቢ የሆነበት ደረሰኝ ስለሆነ አንድ ኬሚካል ወይም መሣሪያ መቼ፣ ከማን፣ በስንት ብር እንደገባ በቀን ይናገራል። በሞዴል 22 ወጪው ይታያል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ ተማሪዎቹ በትክክል ምን እንደሠሩ ያሳያሉ። ሥርዓተ ትምህርቱ ምን ሊሠሩ እንደታሰበ ብቻ ነው የሚነግራችሁ፤ ሥርዓተ ትምህርት የጻፈ ሁሉ ልዩነቱን ያውቃል።

ደረጃ 2፦ ከአስወጋጅ ኮሚቴው ቀድማችሁ ድረሱ

ሚያዝያ ላይ ጀምሩ። ለክፍሉ ኃላፊና ለንብረት አስተዳደሩ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፦ «ከግምጃ ቤቱ ማንኛውም ወረቀት፣ ሠንጠረዥ፣ ፎቶግራፍና ደብተር ከመወገዱ በፊት የቤተ መጻሕፍቱ ተወካይ እንዲያየው እንጠይቃለን።» ከዚህ የረዘመ ደብዳቤ አይነበብም። በመዝገብ ቤት አስቆጥራችሁ ግልባጩን ያዙ። በ1991 ዓ.ም. የወጣውን የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 ቅጂ ብታያይዙ ደግሞ ነገሩ የግል ፍላጎት አለመሆኑ ይታወቃል።

ከኮሚቴው ጋር አትጣሉ። እነሱ የሚጠየቁት ስለ ቦታና ስለ ንብረት ቁጥር ነው፤ ወረቀት በንብረት ቁጥር ስለማይመዘገብ ቢሰጧችሁ የሚያጡት የለም። አንድ መደርደሪያ ባዶ እንደምታደርጉላቸው ከነገራችኋቸው ራሳቸው ካርቶን ተሸክመው ያመጡላችኋል።

ደረጃ 3፦ ጠርሙሶቹን አትንኩ

ሌላው ደረጃ ቢዘለል ወረቀት ይጠፋል፤ ይህ ከተዘለለ ሰው ይጎዳል። አሮጌ የሕክምና ቤተ ሙከራ ግምጃ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ብቻውን የሚገባበት ቦታ አይደለም። ኬሚስት ወይም ልምድ ያለው ቴክኒሻን ከፊት ይሂድ።

ዋናው ስጋት ፒክሪክ አሲድ ነው። ቢጫ ዱቄት ነው፤ በደምና በሽንት ውስጥ ክሬአቲኒን ለመለካትና የአካል ናሙና ሳይበሰብስ ለማቆየት በሚያገለግለው የቡዋን ፈሳሽ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል፤ ስለዚህ የሕክምና ትምህርት በተሰጠበት ቤት ሊገኝ ይችላል። ውኃ ጠጥቶ እስካለ ድረስ ጸጥ ያለ ነው። ሲደርቅ ፈንጂ ነው። ክዳኑ ጥርስ ላይ የደረቀ ቢጫ ቅንጣት ካለ ክዳኑን ለመክፈት የሚደረገው መፋተግ ብቻ ሊያፈነዳው ይችላል። አትክፈቱ፣ አታንቀሳቅሱ፣ መደርደሪያውን አትግፉ፤ በሩን ቆልፋችሁ ለደኅንነት ኃላፊው አሳውቁ። ለዓመታት የተቀመጠ ኤተርም እንዲሁ ነው፤ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ፈንጂ ፐርኦክሳይድ ያበጃል። መሳቢያ ጥግ ላይ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ጠብታ ካያችሁ ሜርኩሪ ነው፤ በመጥረጊያ አትጥረጉት፣ እዚያ መሳቢያ ውስጥ የነበረውን ደብተርም ከሌላው ለይታችሁ በፕላስቲክ ከረጢት አሽጉት።

ማጋነን የሚመስለው ሰው ፓሪስ ያለውን የማሪ ኩሪን ደብተር ያስብ። ከራዲየም ጋር ስለተነካካ በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ የራዲየም ጨረር በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ማየት የሚፈልግ ተመራማሪም ኃላፊነቱን በፊርማው ይወስዳል። ታሪክ የሆነ ወረቀት አደጋ መሆኑን አይተውም።

ጠርሙሱ ባይነካም መረጃው ሊተርፍ ይችላል። ከርቀት ፎቶ አንሱ፦ የአምራቹ ስም፣ የጥራት ደረጃው፣ በእጅ የተጻፈው የተከፈተበት ቀን። ኬሚስቱ ይዘቱን በአግባቡ ካስወገደና ጠርሙሱን ካጠበ በኋላ መለያ ወረቀቱ የተለጠፈበትን ባዶ ጠርሙስ ጠይቁ።

ደረጃ 4፦ ከማንሳታችሁ በፊት እንዳለ መዝግቡ

መደርደሪያውን እንደተቀመጠ ፎቶ አንሱ፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች። ከዚያ እያንዳንዱን ጥቅል በነበረበት ቅደም ተከተል ወደ ካርቶን አስገቡ። የቤተ መጻሕፍት ሰው እጁ ይበላዋል፤ ወዲያው በርዕስ በርዕስ መደርደር ይጀምራል። እጃችሁን ሰብስቡ። መጽሐፍ በርዕሰ ጉዳይ ይመደባል፤ ማህደር ግን የሚጠበቀው በፈጠረው ክፍልና እሱ በተወለት ቅደም ተከተል ነው። የግዢው ደብዳቤ ከሬጀንት ደብተሩ መሀል ከተገኘ እዚያ የገባበት ምክንያት አለ፤ አንድ ኬሚካል እስኪደርስ በሌላ ተተክቶ ሊሆን ይችላል። ከለያያችኋቸው ይህን የሚነግራችሁ አታገኙም።

ደረጃ 5፦ ዕድሜውን አውጡ

ከሥራው ሁሉ ደስ የሚለኝ ይህ ነው። ከግምጃ ቤት የሚወጣ ነገር ብዙ ጊዜ ዓመት አልተጻፈበትም፤ ኬሚስትሪው ራሱ ግን ቀኑን ያወጣል።

በ2014 በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ግምጃ ቤት ሲጸዳ አንድ ጥቅል የግድግዳ ሠንጠረዥ ተገኘ። ሲነኩት ይፈረፈር ነበር። ቀኑን ለማወቅ የተጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ነው። በ1875 የተገኘው ጋሊየምና በ1879 የተገኘው ስካንዲየም በሠንጠረዡ ላይ አሉ፤ በ1886 የተገኘው ጀርማኒየም የለም። ቪየና ላይ በ1885 ገደማ የታተመ ሆኖ ተገኘ፤ ክፍል ውስጥ ከሚሰቀሉት የኤለመንት ሠንጠረዦች መካከል ዕድሜ ጠገቡ ነው ተብሎም ታመነ። ያ ጥቅል የተረፈው የሚያጸዳው ሰው ገልጦ ስላየው ነው።

ጎንደር ላይ የምታገኙት ሠንጠረዥ ከ1950ዎቹ ወዲህ የታተመ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ለዚህ ዘመን የሚጠቅሙ ምልክቶች እነዚህ ናቸው። አርጎን ምልክቱ ላቲኑ «ኤ» ብቻ ከሆነ ሠንጠረዡ የ1957ቱን ለውጥ አልያዘም፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ፊደል ሆኗል። የክሎሪን አቶሚክ ክብደት 35.457 ከሆነ ከ1961 በፊት የተሰላ ነው፤ በዚያ ዓመት መለኪያው ከኦክስጅን ወደ ካርቦን 12 ሲዛወር 35.453 ሆነ። የኦክስጅንም ልክ 16 የነበረው 15.9994 ሆነ፤ ለተማሪ የተዘጋጁ ሠንጠረዦች ቁጥሩን ስለሚያጠጋጉ ግን ክሎሪኑን ማየት ይሻላል። 104ኛውን ኤለመንት ተመልከቱ፦ «ኩርቻቶቪየም» ካለ ከሶቪየት ወይም ከምሥራቅ አውሮፓ ወገን የመጣ ነው፤ በምዕራቡ «ራዘርፎርዲየም» ይሉት ነበር፤ ክርክሩ ያበቃው በ1997 ነው። እንግዲህ አንድ ትንሽ ሣጥን ውስጥ የተጻፈ ምልክት ሠንጠረዡ በየትኛው የቀዝቃዛው ጦርነት ወገን ዕርዳታ እንደመጣ ይነግራችኋል ማለት ነው።

የእኛ ወረቀት ሌላ ወጥመድ አለው። ደብተሩ ሽፋን ላይ «1971» ተጽፏል እንበል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከሆነ ዘመነ ንጉሥ ነው። በእኛ ከሆነ ከመስከረም 1978 እስከ መስከረም 1979 ያለው ነው፤ የላይፕዚግ መምህራን ዘመን። ሰባት ስምንት ዓመቱ ሁለት መንግሥት ያህል ያራርቃል። በግምት አትወስኑ። ማኅተሙን እዩ፤ ርእሰ ደብዳቤው ላይ የንጉሡ ስም አለ ወይስ የለም? ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ስሙ ተቀይሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተባለው በ1975 ነው። ወሩ ጳጉሜን ከሆነ ጉዳዩ አለቀ። ሁለቱንም አቆጣጠር በካርዱ ላይ ጻፉ፤ እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን በጥያቄ ምልክት እለፉ።

ደረጃ 6፦ ምረጡ

ሁሉን ማስቀመጥ አይቻልም፤ ሁሉን አስቀምጣለሁ የሚል ቤተ መዛግብት በሦስተኛው ዓመት ራሱ ግምጃ ቤት ይሆናል። በሌላ ቤተ መጻሕፍት የሚገኝና ምንም ያልተጻፈበት የታተመ መጽሐፍ ይሂድ። ያው መጽሐፍ ኅዳጉ ላይ የመምህር ማስታወሻ ካለበት ይቆይ፤ በተለይ «ይህ ሙከራ እዚህ አይሠራም» ዓይነት ነገር ከተጻፈበት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ከውጭ የመጣ የልምምድ መመሪያ የሚለው የመፍያ ነጥብ እዚህ አይገጥምም። መመሪያውን ለከተማው ያስተካከለው ሰው እርሳስ ከታተመው ጽሑፍ ይበልጣል።

የተግባር ልምምድ መመሪያ፣ የሬጀንት ደብተር፣ የምርምር ጽሑፍ ረቂቅ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የመሣሪያ መግለጫና የጥገና መዝገብ ያለማመንታት ይቆዩ። የፈተና ወረቀት ከየዓመቱ አንድ ይበቃል። የተመላሽ ደረሰኝ ክምር ሲሆን ከየአምስት ዓመቱ አንዱን ሙሉ ዓመት አስቀሩ። የአምራቾች የኬሚካል ካታሎግ ሲገኝ ብዙ ሰው ይጥለዋል፤ እኔ አልጥልም፤ ዋጋው ላይ በቀይ የተሠመረበት ካታሎግ የመግዛት አቅምን ታሪክ ይዟል።

ደረጃ 7፦ ወረቀቱን ከራሱ አድኑ

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ወረቀት በብዛት ከእንጨት መሠራት ጀመረ፤ ቀለም እንዳይሰራጭበትም በሙጫና በአሉሚኒየም ጨው ይታከም ነበር። ያ ጨው እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ ወረቀቱን የሚያጠነክረውን የሴሉሎስ ሰንሰለት እየቆረጠ ይሄዳል። ስለዚህ የ1960ዎቹ የስቴንስል ወረቀት ቡናማ ሆኖ ጥጉ ሲታጠፍ እንደ ድርቆሽ እንክትክት ይላል፤ በዚያው ከተማ በየገዳማቱ ያለው የዘመናት ብራና ግን ዛሬም ይገለጣል። ጸሐፊው የተጠቀመበት ጥቁር ቀለምም ከጥላሸት የተሠራ ስለሆነ በብርሃን አይደበዝዝም።

ቆሻሻውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ከመሀል ወደ ውጭ ጥረጉ፤ ማስክ አድርጉ። የዛገ አግራፍ በጥፍር አይነቀልም፦ ከሥሩ ቀጭን ፕላስቲክ አስገቡ፣ የታጠፉትን ሁለት እግሮች በቀጭን ስፓቱላ ቀና አድርጉ፣ ከዚያ በፊት በኩል ሳብ አድርጋችሁ አውጡ። ስፓቱላ ከዚያው ቤተ ሙከራ አይጠፋም። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው በጥቂት ዓመታት ቢጫ እድፍ ሆኖ ይቀራል። ላሚኔት ማድረግ ደግሞ ሰነዱን መቅበር ነው፤ ከዚያ በኋላ ባለሙያ ቢመጣም የሚያደርገው የለም።

ከአሲድ ነፃ የሆነ የመዝገብ ሣጥን ጎንደር ገበያ ላይ ስለማታገኙ በእጅ ባለው እንሥራ። በዛሬ ጊዜ የሚሸጠው ነጭ የፎቶ ኮፒ ወረቀት አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት አለበት፤ አሲድን ያበርዳል። እርግጠኛ ለመሆን ከጥቅሉ አንድ ሉክ ወስዳችሁ ኬሚስቱ የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ያድርግበት፤ ደቃቅ አረፋ ከወጣ ይሆናል። ያንን በየገጹ ወይም በየአምስት ገጹ መሀል አስገቡ፣ ከዚያ ጥቅሉን ደጋግሞ በታጠበና ስታርች በሌለው ነጭ አቡጀዴ ጠቅልሉት። ካርቶኑ ውስጥ ሲገባ ወረቀቱ በቀጥታ ካርቶኑን አይንካ።

የጎንደር አየር በጋውን ለወረቀት ምቹ ነው። ፈተናው ክረምት ነው። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ ካለፈ ሻጋታ ይነሣል፤ ከ60 በታች ለማቆየት ሞክሩ። የእርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ በቀን ሁለቴ ንባቡን ጻፉ። ግንቦት ላይ ጣሪያ ላይ ሰው ይውጣ፤ የቆርቆሮው መጋጠሚያና አሸንዳው ይታይ። መደርደሪያ ከመጋጠሚያ ሥር አይቁም፣ ግድግዳ አይንካ፣ የታችኛው ርብራብም ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ብረት ከእንጨት ይሻላል፤ ምስጡ ራሱ ምክንያቱን ይነግራችኋል።

ወረቀት ከረጠበ 48 ሰዓት አላችሁ። ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር አንጥፋችሁ በሚመጥ ወረቀት እየቀያየራችሁ አድርቁ፤ ፀሐይ ላይ አታስጡ። ብዛቱ ከአቅም በላይ ከሆነ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በረዶ በሚያደርግ ማቀዝቀዣ (ፍሪዘር) ውስጥ አስገቡትና በየተራ አውጡ። ብል ወይም ነቀዝ የገባበት መጽሐፍም በዚሁ ማቀዝቀዣ ይታከማል፦ አየር በማያስገባ ከረጢት ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ አንድ ሳምንት ይቆይ፣ ሲወጣ ለ24 ሰዓት ሳይከፈት ይሙቅ። የተባይ ማጥፊያ መርጨት አያስፈልግም፤ መርዙ ለዓመታት አንባቢው እጅ ላይ ይቀራል።

ፊልምና ኔጋቲቭ ከተገኘ አሽትቱ። የኮምጣጤ ሽታ ካለ አሴቴት ፊልሙ መፍረስ ጀምሯል፤ ከሌላው ለዩትና ስካን የሚደረጉት ሰልፍ ላይ መጀመሪያ ላይ አድርጉት።

ደረጃ 8፦ መዝግቡ

ለእያንዳንዱ ጥቅል ስድስት ነገር ይበቃል፦ የፈጠረው ክፍል ወይም ሰው፣ መጠሪያው፣ ዘመኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ብዛቱ፣ ቋንቋው፣ ያለበት ሁኔታና ቦታው በአንድ መስመር። ቁጥሩን በለስላሳ እርሳስ በጀርባው ጥግ ጻፉ፤ ቢክ አይነካውም። የኢትዮጵያዊ ስም ሲመዘገብ ከነቅደም ተከተሉ ይመዝገብ፤ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ መጠሪያ ወደ ፊት አይዙር፤ ሶፍትዌሩ ቢያስገድድ እንኳ ማስተካከያ አለው። የታተሙት መጻሕፍት በዴዊ ምደባ የኬሚስትሪ ታሪክ ስለሆኑ 540.9 ላይ ይገባሉ፤ ኮሃ የተባለውን የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ እዚያው ማኅደሩን የሚጠቁም ማስታወሻ ጨምሩ፤ አንባቢ ከመጽሐፉ ተነሥቶ ወደ ማኅደሩ እንዲደርስ።

ደረጃ 9፦ ስካን

ስካን ማድረግ ከማጽዳትና ከመመዝገብ በኋላ ይምጣ፤ ብዙዎች ከዚህ ጀምረው ስም የሌለው አሥር ሺህ ምስል ይዘው ቀርተዋል። በ400 ዲፒአይ በቀለም አንሡ፤ የእርሳስ ጽሑፍና የኬሚካል እድፍ በጥቁርና ነጭ ይጠፋል። ዋናው ቅጂ ቲፍ፣ ለአንባቢ የሚሰጠው ጄፔግ ወይም ፒዲኤፍ ይሁን። የፋይሉ ስም በጥቅሉ ላይ ከጻፋችሁት ቁጥር ጋር አንድ ይሁን። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከጎንደር ውጭ፤ ባሕር ዳርም ይሁን አዲስ አበባ። በዓመት አንድ ጊዜ ከፍታችሁ ፈትሹ። መብራት በመሀል ሲጠፋ ፋይል ስለሚበላሽ ዩፒኤስ ከስካነሩ እኩል በጀት ይያዝለት።

ደረጃ 10፦ ሰውን ጠይቁ

የጡረታ ቴክኒሻኖች እያሉ ሥሩ። ላቮዋዚዬ በ1794 በጊሎቲን አንገቱ ተቆርጦ ከተገደለ በኋላ ጽሑፉና መሣሪያው የተረፈው ባለቤቱ ማሪ አን ስለጠበቀችው ነው፤ እዚህም አሮጌ ደብተር ያለው ብዙ ጊዜ በባለሙያው ቤት፣ በቤተሰቡ እጅ ነው። ለቅሶ ላይ ደብተር አይጠየቅም፤ ከተዝካሩ በኋላ በሽማግሌ በኩል ሂዱ።

ቃለ መጠይቁ ላይ «ስለ ሥራዎ ይንገሩን» አትበሉ፤ መልሱ የምስጋና ንግግር ይሆናል። ፎቶውን ወይም ባዶውን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ።

«ጋሼ፣ ይህ ሲያልቅ አዲሱ እስኪመጣ በምን ትሠሩ ነበር?»

«ስንት ወር ነበር የሚፈጀው?»

«ማን አስተማረዎት?»

ከዚያ ዝም በሉ። እጃቸው ጠርሙሱን ሲያነሣ ወሬው ራሱ ይመጣል። የተናገሩትን አስፈርማችሁ ወይም በድምፅ ፈቃዳቸውን ቀድታችሁ አስቀምጡ።

የእጅ ጥበቡንም አትርሱ። ቀለም የሚበጥብጥ ጸሐፊ፣ ብራና የሚፍቅ፣ ወለቃ ላይ ሸክላ የምትሠራ፣ አረቂ የምታወጣ እናት፤ እያንዳንዳቸው በልምድ የተስተካከለ ኬሚስትሪ ይዘዋል። በመጠን ጠይቁ፦ ስንት ጣሳ ውኃ፣ ስንት ሰዓት እሳት፣ ምን ሲሸት ይወርዳል። እንዶድን ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ለዘመናት ሲያውቁት ኖረው፣ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ከልብስ ማጠቢያው በታች ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው የቢልሃርዝያ ምርምር ውስጥ አስገቡት። የመድኃኒት ባለሙያ የማይነግራችሁን ግን አትጨቅጭቁ፤ የነገራችሁንም ያለ ፈቃዱ አታውጡ።

ደረጃ 11፦ ለአንባቢ ክፈቱ

ከመክፈታችሁ በፊት የሕሙማን ስም ያለበትን የቤተ ሙከራ መዝገብና የተማሪ ውጤት ለዩ። እነዚህ ይታሸጉ፤ ተመራማሪ ከጠየቀ ስሙ የተሸፈነ ቅጂ ይሰጠው። ስለ ሕክምናው ኬሚስትሪ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ቁጥሩን እንጂ የታማሚውን ስም አይሻም።

በንባብ ክፍሉ አንድ ጊዜ አንድ ሣጥን፣ እርሳስ ብቻ፣ ቦርሳ ውጭ። ገጽ የሚገልጥ እጅ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ ሜርኩሪ የነካው ወይም ኬሚካል የተረጨበት ሰነድ ሲሆን ግን ጓንት ግድ ነው። ፎቶ ማንሣት ያለ ፍላሽ ይፈቀድ። ከውጭ አገር የሚመጣ ጥያቄ በስካን ይመለስ፤ «ለጥቂት ወር እንዋሰውና እንመልሳለን» ለሚል ደብዳቤ መልሱ አጭርና ትሑት እምቢታ ነው። ለኤግዚቢሽን ግድ ከሆነ ውል ይጻፍ፣ ኢንሹራንስ ይገባ፣ የሰነዱ ሁኔታ ከመውጣቱ በፊትና ከተመለሰ በኋላ በፎቶ ይያዝ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሰውም አብሮት ይሂድ። የክፍሉ ቁልፍ ሁለት ሰው ዘንድ ይሁን፤ አንዱ ሲዛወር ርክክቡ በዝርዝር መዝገቡ ላይ እየተነበበ ይፈረም።